የሩሲያ ተረቶች ለልጆች፦ ባባ ያጋን ላንብብላት ወይስ ትቆይ?

የጀሞዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወላጅም መምህርም ያለበት ቤት ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ ብዬ ነው። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ሞስኮ የተማረ ነው። ሰሞኑን ዕቃውን ሲያስተካክል በሥዕል ያሸበረቀ የሩሲያ ተረት መጽሐፍ አገኘና ለልጄ ሰጣት። ስድስት ዓመቷ ነው። እሱ ሩሲያኛውን እያየ በአማርኛ ይነግራታል፣ እኔ ከጎን ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ከስልክ ተላቀቀችልኝ ብዬ።

ጣጣው የመጣው ቫሲሊሳ የምትባለዋ ልጅ ተረት ላይ ስንደርስ ነው። እናቷ ትሞታለች። የእንጀራ እናቷ እሳት አምጪ ብላ በጨለማ ጫካ ውስጥ ወደምትኖር ባባ ያጋ ወደምትባል ጠንቋይ አሮጊት ትልካታለች። የአሮጊቷ ጎጆ በዶሮ እግር የቆመ ነው። አጥሩ የሰው አጥንት፣ አናቱ ላይ የራስ ቅል የተሰካበት፣ ሲመሽ ደግሞ የራስ ቅሎቹ ዓይን ይበራል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ አንዱን የራስ ቅል በእንጨት ሰክታ ወደ ቤት ይዛው ትመለሳለች፣ ከዓይኑ የሚወጣው እሳት የእንጀራ እናቷንና ሁለቱን ልጆቿን ሲለበልባቸው አድሮ ሲነጋ ከሰል ሆነው ይገኛሉ። ለስድስት ዓመት ልጅ!

ባለቤቴ "ይሄ ተረት ነው ወይስ ሆረር ፊልም?" አለ። ወንድሜ ደግሞ "የስንት አገር ልጅ በዚህ ነው ያደገው፣ ምን አለበት" ባይ ነው። ልጅቷማ ምን ገዷት፣ "ድገመው" ነው የምትለው።

እና ጥያቄዬ፣ ከነዚህ ተረቶች ልጅ በእውነት የሚማረው ቁም ነገር አለ ወይ? ካለስ የትኞቹን አስቀድሜ ላሰማት? የኛን ተረቶች ንገሪያት እንዳትሉኝ፣ እነሱንም እነግራታለሁ። ያነበባችሁ ወይም እዚያ የኖራችሁ ካላችሁ አውሩኝ።


ሞስኮ የከረመ፦

እህቴ፣ ወንድምሽ ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር ሳይነግርሽ የቀረ ይመስለኛል። እነዚህ ተረቶች ሲሰበሰቡ ለልጅ ታስበው አልነበረም። አሌክሳንደር አፋናስየቭ የሚባል፣ ሞስኮ መዝገብ ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ነው ከ1855 እስከ 1863 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ድረስ በስምንት ክፍል ወደ 600 የሚጠጋ ተረት ያሳተመው። ሕዝቡ ሲያወራው የኖረውን ነው፤ ማታ ሥራ አልቆ ትልቁም ትንሹም እሳት ዳር ሲቀመጥ የሚነገረውን። ለልጆች ይሆናል ያለውን መርጦ ለብቻው ያወጣው በኋላ፣ በ1870 ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ደንገጥ ቢል አይፈረድበትም።

ግን ቫሲሊሳን በራስ ቅሉ ብቻ አትመዝኝዋት። ተረቱ ውስጥ ያለውን ልንገርሽ። እናቷ ስትሞት አንዲት ትንሽ አሻንጉሊት ሰጥታታለች፣ ችግር ሲገጥምሽ አብያትና አማክሪያት ብላ። ልጅቷ ለራሷ ሳትበላ ጣፋጩን ለአሻንጉሊቷ ታስቀምጣለች። ባባ ያጋ ቤት ስትገባ የሚሰጣት ሥራ ጉድ ነው፦ ግቢ ጥረጊ፣ ጎጆውን አጽጂ፣ ራት ሥሪ፣ ልብስ እጠቢ፣ ስንዴውን አንድ በአንድ ልቀሚ፣ ካልጨረስሽ እበላሻለሁ። ልጅቷ አሻንጉሊቷን አብልታ ታለቅሳለች። አሻንጉሊቷም "ጸልይና ተኚ፣ ጠዋት ከማታ ይሻላል" ትላታለች። ሩሲያውያን ይህቺን አባባል ዛሬም በየቀኑ ይሏታል። ፈተና ደርሶብን ስንጨነቅ የዶርም ጠባቂዋ አሮጊት እኛንም ብላናለች።

ሌላው የምወደው ቦታ ጥያቄ የሚጠየቅበት ነው። ቫሲሊሳ መንገድ ላይ ሦስት ፈረሰኛ አይታለች። ነጩ ሲያልፍ ነጋ፣ ቀዩ ሲያልፍ ፀሐይ ወጣች፣ ጥቁሩ ሲያልፍ መሸ። ስለነሱ ጠየቀች፣ አሮጊቷም ነገረቻት፣ ቀኔ፣ ፀሐዬ፣ ሌሊቴ ናቸው ብላ። እዚያው ቤት ውስጥ ግን በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ሦስት ጥንድ እጆች ነበሩ፣ ስንዴውን ተቀብለው የሚሄዱ። ስለነሱ ልጠይቅ ስትል ተወችው። ባባ ያጋም "ደግ አደረግሽ፣ ውጭ ያየሽውን ብቻ ጠየቅሽ፤ የቤቴን ገመና ማውጣት አልወድም" አለቻት። ልጅ መጠየቅ አለበት፣ አዎ። ግን የሰው ቤት ገብቶ ምን ይጠየቃል ምን ይታለፋል የሚለውን እኛም ስንት ዓመት ነው በቁንጥጫ የተማርነው። እዚህ በተረት ይመጣል።

ደግሞ ባባ ያጋ ክፉ ብቻ አይደለችም። በአንዱ ተረት ትበላሻለች፣ በሌላው መንገድ ታሳይሻለች፣ ፈረስ ትሰጥሻለች። እንዴት ሆነሽ ደጇ እንደቆምሽ ነው የምታየው።


መምህርት ከኬጂ፦

ሰላም የጀሞዋ እናት። እኔ ትንንሾቹን ነው የማስተምረው፣ እና ቫሲሊሳን ለነሱ አልነግርም። ለስድስት ዓመት ልጅሽ ትበዛለች ባልልም ከሷ አትጀምሪ ነው የምለው። ከቀላሎቹ ጀምሪ።

እኛ ክፍል ውስጥ በጣም የሚወደደው የሬፕካው ተረት ነው። ሬፕካ መሬት ውስጥ የሚያድግ ድብልብል ሥር ነው። አያትየው ተከሉት፣ እጅግ ትልቅ ሆነ፣ ሊነቅሉት ቢስቡ እምቢ አለ። ሴት አያት መጡ፣ የልጅ ልጅ መጣች፣ ውሻው፣ ድመቷ፣ ሁሉም አንዱ የአንዱን ልብስ ይዞ ይስባል፣ እምቢ። መጨረሻ ላይ አይጧ መጣችና ተነቀለ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ልጆቹን አሰልፋቸዋለሁ፣ ራሴ ሥሩ እሆናለሁ፣ ወንበር እይዝና እነሱ ይስባሉ። በመጀመሪያ ሁሉም አያትየውን መሆን ነው የሚፈልገው፣ ወይ ውሻውን፣ መጮህ ስላለበት። አይጥ የሚሆን ይጠፋል። አንዴ ካዩት በኋላ ግን በአይጧ ይጣላሉ። አንድ ልጅ አለ፣ ከሁሉም የሚያንስ፣ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ፣ ተራው ደርሶ አይጥ ሲሆንና እኔ ወንበሩን ስለቀው ሁላችንም ተያይዘን ምንጣፉ ላይ ወደቅን። ከዚያን ቀን ጀምሮ "መምህርት፣ እኔ ነኝ የነቀልኩት" እያለ ነው የሚመጣው። እኔ "ትንሽም ትጠቅማለች" የምትል ቃል ከአፌ አልወጣችም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ወላጅ የሚያበላሸው፣ ተረቱ እንዳለቀ "ስለዚህ ልጆች ምን ተማርን?" ይላል። ተዉአቸው፣ ፈተና አታድርጉት።

ሁለተኛ ኮሎቦክ። ድብልብል ዳቦ ነው። አሮጊቷ ከዱቄት ሣጥኑ ጥግ ጠራርጋ ጋግራው፣ ይብረድ ብላ መስኮት ላይ ስታስቀምጠው ዘሎ አመለጠ። ጥንቸል አገኘው፣ ዘፈን ዘፍኖለት አመለጠ። ተኩላውንም ድቡንም እንደዚያው። ቀበሮዋ ግን ልበላህ አላለችም። "እንዴት ያምራል ዘፈንህ! ጆሮዬ አይሰማም፣ አፍንጫዬ ላይ ቁጭ ብለህ ድገምልኝ" አለችው፣ ቀጥላ "ምላሴ ላይ ሆነህ አንዴ" አለች፣ ዋጠችው። ልጆቹ የሚገርማቸው ሁሌ ይሄ ነው፣ የሚያስፈራሩት ሁሉ አልያዙትም፣ ያሞገሰችው ያዘችው። ከማያውቁት ሰው ጋር አትሂዱ ብለን ከምንመክረው ምክር ሁሉ ይሄ ይገባቸዋል። ከረሜላ የሚሰጥ ሰው አያስፈራማ።

ሦስተኛ ደግሞ የዝይዎቹ። ለልጅሽ ዕድሜ ልክ ነው። እናትና አባት ወንድምሽን ጠብቂ ብለው ገበያ ሄዱ፣ ልጅቷ ጨዋታ ገብታ ረሳችው፣ ዝይዎች ወስደውት ጠፉ። እየሮጠች ስትከተል ምድጃ አገኘችና የት ሄዱ አለችው። "የአጃ ቂጣዬን ብዪ፣ እነግርሻለሁ" አላት። "እኛ ቤት የስንዴውም አይበላ!" አለች። የፖም ዛፍ ኮምጣጣ ፖሜን ቅመሺ አላት፣ እምቢ። የወተት ወንዝም እንደዚያው ለመናት፣ እምቢ። ወንድሟን አግኝታ ስትመለስ ዝይዎቹ ሲያባርሯት ግን ያንኑ ቂጣ፣ ያንኑ ፖም እየበላች ደበቋት። እኔ ምሳ ዕቃ ስናወጣ የምነግራቸው ነው። አንዱ ፓስታ፣ አንዱ ሽሮ ይዞ ይመጣል፣ ትንንሾችም ሆነው መናናቅ ያውቃሉ።


የእንጀራ እናት ነኝ፦

ስሜን አይታችሁ ገብቷችኋል። ባለቤቴ ከመጀመሪያ ትዳሩ የወለደውን ልጅ ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ አሳድጌዋለሁ። እነዚህ ተረቶች ግን ሰለቹኝ። የኛም ይሁኑ የሩሲያ፣ የእንጀራ እናት ከተነሳች አለቀ፣ ክፉ ናት። ልጁ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ሰምቶ "አንቺ ግን ለምን አትመቺኝም?" አለኝ። ይሄን ምን ብላችሁ ነው ቁም ነገር የምትሉት?

ያው ይቅር። ከሱ የሚብሰው ሞሮዝኮ ነው። ማንም አላነሳውም፣ እኔ ላንሳው። የእንጀራ እናት ልጅቷን አስወጣት ትላለች፣ አባትየው (አባትየው!) በበረዶ ጋሪ ጭኖ ጫካ ዛፍ ሥር ጥሏት ይመጣል። ሞሮዝኮ፣ ውርጩ ማለት ነው፣ ከላይ ይመጣና "ይሞቅሻል ልጄ?" ይላታል። ጥርሷ እየተንገጫገጨ "ይሞቀኛል አባቴ" ትላለች። ቅዝቃዜውን ያብስባታል፣ ደግሞ ይጠይቃታል። ምላሷ እስኪተሳሰር ድረስ "ይሞቀኛል" ነው መልሷ። በዚህ ካባና ሣጥን ሙሉ ሀብት ይሸልማታል። የእንጀራ እናቲቱ ልጅ ስትሄድ "በረደኝ፣ ጥፋ ከዚህ" ስላለች ደርቃ ትሞታለች። እውነቱን ስለተናገረች!

እኛ አገር ሴት ልጅ "ቻዪው" እየተባለች ነው ያደገችው። በልጅነቴ እኔም። ቻዪው፣ ሆድሽ ይቻለው፣ ጎረቤት አይስማ። አሁን ለልጄ የምነግረው ሲያምህ ተናገር፣ የማትፈልገው ሰው ሲነካህ ጩህ ነው። ታዲያ እየሞተች "ይሞቀኛል" ያለችውን ልጅ ጨዋ ናት ብዬ ልንገረው? መምህርት፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ንገሪኝ እስቲ።


ሶፋ ላይ ነኝ፦

ሁላችሁም ቁም ነገረኛ ሆናችሁ፣ የኔን ሰው ረሳችሁት። ስሙ የሜሊያ ነው! ቀኑን ሙሉ ምድጃ ላይ ተኝቶ የሚውል (የነሱ ምድጃ ትልቅ የጡብ ነው፣ ላዩ ላይ ይተኛሉ)፣ ውሃ ቅዳ ሲሉት "አልፈልግም" የሚል ጀግና። አንድ ቀን ስጦታ እናመጣልሃለን ብለው ደልለው ወንዝ ላኩት፣ በባልዲው አሣ ያዘ፣ አሣው ልቀቀኝ፣ ፈቃድህን እሞላለሁ አለው። ከዚያ በኋላማ ባልዲው በራሱ እየሄደ ቤት ገባ፣ መጥረቢያው በራሱ ፈለጠ፣ ጋሪው ያለ ፈረስ ሮጠ (ሰው እየገጨ)። ንጉሡ ሲያስጠራው ከምድጃው ሳይወርድ፣ ምድጃው እየነዳ ቤተ መንግሥት ገባ። የንጉሡን ልጅ አገባ። አለቀ።

ትምህርቱን ፈልጉልኝ። እኔ ያገኘሁት ከሶፋ አትነሳ ነው።


ፊደል ቆጣሪ፦

ሶፋ ላይ ያለኸው፣ አሳቅከኝ፣ ግን ጥያቄህ የዋዛ አይደለም። ለተረቶቹ ሁሉ "ትምህርቱ" እየተባለ ከኋላ የሚለጠፍላቸው ነገር ብዙ ጊዜ ከነሱ አይደለም። የሜሊያን ያወራው ሕዝብ እኮ ከጨለማ እስከ ጨለማ የሚያርስ፣ ራሱም መሬቱም የጌታ የሆነ ገበሬ ነው። አፋናስየቭ ማሳተም ሲጀምር የሩሲያ ጭሰኛ ገና ነፃ አልወጣም፣ ነፃ የወጣው በ1861 ነው። እንደዚያ የደከመው ሰው ባልዲው በራሱ ሲሄድ፣ ንጉሡ ሲዋረድ ማየት ቢያምረው ምን ይገርማል? ምኞት ነው፣ ምክር አይደለም። ልጅም ይሄን ያውቃል። ባልዲ በራሱ ሲሄድ ስለሰማ ብቻ ሰነፍ የሆነ ልጅ የለም።

የእንጀራ እናት ነኝ ላልሽው እህቴ ግን ቀልድ አልመልስም። ትክክል ነሽ። ሞሮዝኮ ላይ ሊቃውንቱ ብዙ ይላሉ፣ ልጅቷ የጫካውን ጌታ አክብራ ስለመለሰች ነው፣ ውርጭን የሚሳደብ ውርጭ ይበላዋል፣ ለዚያ አገር ሰው ብርድ ንጉሥ ነው፣ ወዘተ። ይገባኛል። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን ይሄ ሁሉ ማብራሪያ አይደርሳትም፣ የሚደርሳት "ዝም ያለች ተሸለመች" ነው። እኔ ብሆን እነግራታለሁ፣ ግን ውሻው ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ሥር የተኛ ውሻ አለ፣ "የሽማግሌው ልጅ በወርቅ በብር ተሸልማ እየመጣች ነው፣ የአሮጊቷ ልጅ ግን አጥንቷ ነው የሚመጣው" እያለ የሚጮህ። አሮጊቷ እንዲህ አትበል ብላ ቂጣ ትወረውርለታለች፣ ትመታዋለች፣ ቂጣውን በልቶ እውነቱን መልሶ ይጮኻል። የዚያ ቤት እውነት ተናጋሪ ውሻው ነው። ልጆች ደግሞ ውሻውን ነው የሚወዱት። የአባትየውን ነገር አንሺና ልጅሽን "አባትየውስ ልክ ነበር?" በይው። መልሱን አንቺው ስሚው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቭላድሚር ፕሮፕ የሚባል ምሁር በ1928 የአፋናስየቭን መቶ ተረት አንድ በአንድ ፈታትቶ ሁሉም በ31 ድርጊቶች ውስጥ እንደሚሽከረከሩ አሳይቷል። መጀመሪያ ላይ ከሚመጡት ውስጥ ከቤት ሰው ይሄዳል፣ "ይህን አታድርግ" ይባላል፣ የተባለው ይጣሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው "ትምህርቱ መታዘዝ ነው" ብሎ ያልፋል። ወንድሟን ኢቫንን ከፍየል ኮቴ ዱካ ውሃ አትጠጣ ያለችው አሊዮኑሽካ አለች፣ ጠጣ፣ ፍየል ሆነ። እሺ፣ ያ መታዘዝ ነው።

ግን የግራጫውን ተኩላ ውሰዱ። ልዑል ኢቫን የእሳት ወፏን ሊያመጣ ሄደ። ተኩላው ወፏን ውሰድ፣ የተቀመጠችበትን ቀፎ ግን እንዳትነካ አለው። ነካ፣ ተያዘ። ፈረሱን አምጣ ተባለ፣ ተኩላው ልጓሙን እንዳትነካ አለው። ነካ፣ ተያዘ! ተኩላው ተቆጣው፣ "ለምን አልሰማኸኝም?" አለው፣ ከዚያ ግን "በል ጀርባዬ ላይ ውጣ፣ እንሂድ" ነው ያለው። ሦስተኛው ላይ ልጁን ተስፋ ቆርጦበት ራሱ ሄደ (እዚህ ጋ ሁሌ እስቃለሁ)። ወንድሞቹ ቀንተው ኢቫንን ሲገድሉትም የሙት ውሃና የሕይወት ውሃ አስመጥቶ ያስነሳው እሱ ነው። እኔ ለልጅ የምፈልገው ይሄን ነው። ደጋግሞ አጥፍቶ እንኳ የሚቆጣውና የማይተወው ሰው እንዳለ ይወቅ። መታዘዝን ከኛ ከወላጆች በየሰዓቱ ይሰማዋል።


ከአሽዶድ፦

ሻሎም፣ ሰላም ነው። እኔ ያለሁት እስራኤል ነው፣ እዚህ ከተማ ከሩሲያና ከዩክሬን የመጣው ሰው ብዙ ነው። የልጄ የጋን (መዋዕለ ሕፃናት) መምህርት ሩሲያኛ ተናጋሪ ናት፣ ስለዚህ ልጄ ተረቶቹን በዕብራይስጥ ተሸክሞ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ለአማቴ በአማርኛ እነግራለሁ። አንዱ ቤት ውስጥ ስንት ቋንቋ እንደሚዞር አስቡት።

የዓሣ አጥማጁንና የወርቁን ዓሣ ማንም አላነሳም፣ ይገርማል። ያውም የፑሽኪን! በ1833 ነው የጻፈው፣ ታሪኩ ራሱ ጀርመኖችም ጋ አለ። ሽማግሌና አሮጊት በባሕር ዳር ሠላሳ ሦስት ዓመት በፈራረሰች ጎጆ ኖሩ። ሽማግሌው መረብ ጣለ፣ ጭቃ። ሁለተኛ ጣለ፣ የባሕር ሣር። ሦስተኛው ላይ የወርቅ ዓሣ፣ ልቀቀኝ፣ የፈለግኸውን እሰጥሃለሁ አለችው። ምንም ሳይጠይቅ ለቀቃት። ቤት ሲነግራት አሮጊቷ "ሞኝ! የልብስ ማጠቢያ ገንዳችን ተሰብሮ የለ? እሱን እንኳ አትለምናትም?" አለች። ገንዳ አገኘች። ቀጥላ ቤት አለች። ቀጥላ ባለርስት እመቤት፣ ቀጥላ ንግሥት። መጨረሻ ላይ የባሕር ገዥ ልሁን፣ ዓሣዋም ራሷ ታገልግለኝ አለች። ዓሣዋ መልስ አልሰጠችም፣ ጭራዋን አወናጭፋ ገባች። ሽማግሌው ሲመለስ ያቺው ጎጆ፣ ያቺው አሮጊት፣ ፊት ለፊቷ የተሰበረው ገንዳ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ቁርጥ።

ልጄ የወደደው ግን ባሕሩን ነው። ሽማግሌው በሄደ ቁጥር ባሕሩ ይለወጣል፣ መጀመሪያ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ቀጥሎ ይደፈርሳል፣ ይናወጣል፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ማዕበል። ልጄ አሮጊቷ ገና ሳትናገር "አሁን ባሕሩ ይናደዳል" ይላል። ስግብግብ የሚለውን ቃል ማንም አላስተማረውም፣ መቼ እንደሚበዛ ግን ከባሕሩ ተረድቷል።

አማቴ ደግሞ ሰምታ ሰምታ ምን አለች መሰላችሁ? "ጥፋቱስ የባልየው ነው። ሴትዮዋ ሲያምራት አመራት። አንድ ቀን እንኳ እምቢ አይልም? እግሩን እያነሳ ወደ ባሕር!" ከዚያ ወዲህ ይሄ ተረት እኛ ቤት ሁለት ጎራ አለው። እኔ በአማቴ በኩል ነኝ። አሮጊቷ ባለርስት ሆና ሎሌዎቿን ፀጉር እየጎተተች ስትመታ አይቷል፣ እሱንም ጋጣ ጥረግ ብላ ሰዳዋለች፣ አሁንም ሄዶ ለመነላት።


ሞስኮ የከረመ፦

የአሽዶዷ እህታችን፣ አማትሽን ሰላም በይልኝ፣ እኔም በሳቸው በኩል ነኝ።

ፑሽኪንን ካነሳችሁ አይቀር፣ ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል አፍሪካዊ እንደነበር ታውቃላችሁ። እኛ የኛ ነው እንላለን፣ አዲስ አበባም አደባባይ በስሙ አለን። ከቻድ ሐይቅ ደቡብ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ፣ ክርክሩ ሌላ ቀን። ተረት ግን ከሞግዚቱ ከአሪና ሮዲዮኖቭና አፍ ይሰማ እንደነበር ራሱ በደብዳቤ ጽፏል። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ርስታቸው ላይ በግዞት ተቀምጦ፣ ማታ ማታ የሷን ተረት ይሰማ ነበር።

ሌላም አስታወሳችሁኝ። በ1920ዎቹ ሶቭየት ውስጥ ተረት ለልጅ አይገባም የሚሉ አስተማሪዎች ተነስተው ነበር። ንጉሥ፣ ልዕልት፣ አስማት፣ ይሄ ሁሉ አዲሱን ሰው ያበላሻል ብለው። በ1930ዎቹ ተመልሶ ገባ። እኔ በተማርኩበት ጊዜማ የሜሊያና ባባ ያጋ በካርቱን፣ በቸኮሌት መጠቅለያ፣ የሌሉበት አልነበረም። ተረቱ ከጠላቶቹ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ደግሞ ወንድምሽን ጠይቂው፣ ሲጨርስ ምን ይላል? እኛ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" እንላለን። እነሱ "እኔም እዚያ ሠርግ ላይ ነበርኩ፣ ጠጅና ቢራ ጠጣሁ፣ በጺሜ ላይ ወረደ፣ አፌ ግን አልገባም" ይላሉ። ማለት፣ ሠርጉም እኔም ውሸት ነን። ልጅ ይህቺን ሲሰማ የራስ ቅሉም የት እንደሚቀር ያውቃል።


የጀሞዋ እናት፦

እናንተ ግን! እኔ አዎ ወይም አይ ብቻ ነበር የጠበቅኩት። የእንጀራ እናት ነኝ ላልሽው፣ ነገርሽ ልቤን ነካው፣ ልጄንም የእንጀራ እናት ሁሉ እንዲህ አይደለችም አልኳት። "አውቃለሁ፣ የናኦድ እናት የእንጀራ እናቱ ናት፣ ኬክ ትሰጠናለች" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ወንድሜ ትናንት የየሜሊያን ነገራት። ዛሬ ጠዋት ካልሲሽን አድርጊ ስላት "በዓሣው ትእዛዝ፣ በኔ ፍላጎት፣ ካልሲ ሆይ ግባ!" አለች። ሶፋ ላይ ያለኸው፣ እግዜር ይይልህ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ የቫሲሊሳን መጨረሻ ልቁረጠው ወይስ እንዳለ ይነገራት?


ሞስኮ የከረመ፦

አትቁረጪው። ልጅ ፍርድ ይፈልጋል፣ ትልቅ ሰው ነው በይቅርታ የሚጠግበው። ደግሞ ወንድምሽ ቀድሞ ነግሯታል፣ ብትቆርጪው ታርምሻለች።


የእንጀራ እናት ነኝ፦

ቁረጪው። ምን ይጎድልባታል? ከዚያ በኋላ እኮ ቫሲሊሳ ከአንዲት ደግ አሮጊት ጋር እየኖረች በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፍ ቀጭን ጨርቅ ትሸምናለች፣ ሸሚዝ ትሰፋለች፣ ንጉሡ በእጇ ሥራ ተገርሞ ያስጠራታል። ይሄን ክፍል ግን ማንም አያወራውም፣ ሁሉም የራስ ቅሉ ላይ ያቆማል። እኔ ለልጄ ማታ የነገርኩት ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው።


መምህርት ከኬጂ፦

እኔ መሃል ላይ ነኝ። ልጅሽ ተኝታ የምታድር ከሆነ፣ ሌሊት የማትባንን ከሆነ እንዳለ ተዪው፣ ሥዕሉን ግን ገጹን ቶሎ ግለጪው። ከሥዕሉ ነው የሚባንኑት፣ ከቃሉ አይደለም። ብርሃን አጥፍታችሁ አታንብቡ። እና ከሷ በኋላ በማሻና በድቡ ዝጊ፣ ቅርጫት ውስጥ ገብታ ራሷን በድቡ ጀርባ ቤቷ የምታስወስደዋ፣ "አየሁህ፣ ጉቶው ላይ አትቀመጥ፣ ኬኩን አትብላ!" እያለች። ስቃ ትተኛለች።


ሶፋ ላይ ነኝ፦

የማሻውን እኔም እፈልጋለሁ፣ በአማርኛ በድምፅ ያለው ሰው ካለ ይላክልኝ። ማንበብ ሰለቸኝ።